ከአማቷ ኋላ፣ ቀስ ብላ

መነጽር ሠሪዋ የመጀመሪያ ትራያትሎኗን የጨረሰችው ፒካፕ መኪና ላይ ተጭና ነው። የተቀመጠችውም ጋቢና አይደለም፣ ከኋላ ነው፤ መንገድ ለመዝጋት ተደርድረው በነበሩት ብርቱካናማ የፕላስቲክ ሾጣጣዎች መሀል። አንደኛው ሾጣጣ በየመታጠፊያው እየተንከባለለ ስላስቸገራት እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር። ሰው እንዳያያት ብትሸማቀቅም ከተማው ትንሽ፣ ቀኑም እሑድ ስለነበር ያላያት የለም።

በአርባ ሦስት ዓመቷ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባችው በወገቧ ምክንያት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ የመነጽር ቤት ጓዳ፣ ማሽን ላይ አጎንብሳ ሌንስ ስትቆርጥና ስትሞርድ ኖራለች። ሐኪሙ «ዋኚ» ሲላት ገንዳ ገባች። ዋና ስትለምድ ደግሞ ገንዳው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ዓይኗ ገባ፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዋና፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሦስቱም በአንድ ጠዋት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተከታትሎ። ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጥቂት አሰበና «ሦስት መስመር በአንድ ቲኬት ማለት ነዋ» አላት። ቀልዱን ፈቃድ ነው ብላ ወሰደችውና ተመዘገበች።

ይህች ሴት ነገር ከያዘች በጥርሷ ነው የምትይዘው። ብስክሌቷ ላይ በወጣች ቁጥር ከኋላዋ የሚያሳድዳት ያለ ይመስል ነበር። ከሥራ በኋላ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ማማ እስከ ቆመበት ዳገት ድረስ ያላትን ሁሉ አውጥታ ትነዳለች፤ ዳገቱ አናት ላይ ምላሷ ወጥቶ መሪው ላይ ትደፋለች፤ ከዚያ ፊቷ ፍም መስሎ ቤቷ ትገባለች። ላብ ካላጠመቃትና ጉልበቷ ካልተብረከረከ ልምምድ የሠራች አይመስላትም። እራት ላይ ሹካ እንደያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። አንድ ቀንማ በሥራ ቦታዋ የቀኙን ሌንስ ግራ፣ የግራውን ቀኝ ገጥማ ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር ሰጠችው። ሰውየው አመስግኖ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በሩን ትቶ በመስኮቱ ሊወጣ ሞከረ።

የውድድሩ ቀን ከውሃው በደህና ወጣች። ብስክሌቷ ላይ ስትወጣ ግን የሚይዛት ጠፋ። ጎረምሶቹን አንድ በአንድ እያለፈች፣ ለእያንዳንዱም አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ እየሰጠች በረረች። እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ከብስክሌቷ ወርዳ መሮጥ ስትጀምር ግን እግሮቿ የሷ አልነበሩም፤ ሁለት ምሰሶ ተውሳ የምትሮጥ መሰላት። ሰላም ያለቻቸው ጎረምሶች በተራቸው ሰላም እያሏት አለፉ። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ጎማ ጠጋኝ ደጃፍ ቁጭ አለች። ጎማ ጠጋኙ አዘነላትና መሬቱ ይቀዘቅዛል ብሎ ወንበር አወጣላት። ፒካፑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባሏ ሳቁን እስከ ጓዳ ድረስ ችሎ፣ እዚያ በሩን ዘግቶ ሳቀ። አማቷ ግን እዚያው ደጅ ላይ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ ነው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁባት።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ካልሳቅሁ ያመኛል።»

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ፤ ሰው ሰውን በስልክ ለማግኘት በእሳቸው እጅ ማለፍ በነበረበት ዘመን። ብዙ ሰምተዋል፣ የሰሙትንም አልረሱም።

በሳምንቱ መነጽር ሠሪዋ ገንዳው ዳር ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ ስታወዛውዝ የገንዳው ጠባቂ መጣ። ይህን ሰው ሁሉም ፊሽካ ነው የሚለው፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ስለማይጠፋ። በጎረምሳነቱ ብዙ ቦታ ተወዳድሯል፤ አሁን ሆዱ ከሱ ቀደም ቀደም ይላል።

«ብስክሌት ስትነጂ ምን ታወሪያለሽ?» አላት።

«ለማን?»

«ለማንም።»

«ትንፋሽ ከየት አምጥቼ?»

«በሽታሽ እሱ ነው» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። «አንቺ በወጣሽ ቁጥር ውድድር ነው። አንድ ቀን ትነጃለሽ፣ ሦስት ቀን ራስሽን ታስታምሚያለሽ። ልብና እግር የሚጠነክሩት ቀስ ባለ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰዓት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር፣ ሳይጨናነቁ። ለዚህ ደግሞ እንደ ብስክሌት ያለ የለም። ሩጫ አጥንት ይቀጠቅጣል፣ ብስክሌት ግን ተቀምጠሽ ነው። ዛሬ ቀስ ብለሽ ብትነጂ ነገም ትነጃለሽ፣ ከነገ ወዲያም ትነጃለሽ።»

«ቀስ ማለት ስንት ነው?»

«ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገርሽ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሳትደርሺ ትንፋሽሽ ካለቀ ፈጥነሻል ማለት ነው። በሳምንት አራት ቀን እንዲህ ንጂ፤ አንድ ቀን ብቻ እንደ ልብሽ ክነፊ።»

ምክሩ ቀላል መሰላት። በማግስቱ ጠዋት ወጥታ ሞከረችው። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ዞረች አንድ ዳቦ አመላላሽ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ጭኖ፣ እያፏጨ አለፋት። ፉጨቱ ነው እልህ ያስያዛት። ተከተለችው። እሱ ሲታጠፍ ታጠፈች፣ እሱ ግቢ ሲገባ ገባች፣ በመጨረሻም ራሷን የአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት በር ላይ አገኘችው። ሰውየው ቅርጫቱን እያወረደ «ምን ልታዘዝ?» ሲላት «አንድ ዳቦ» አለች። ዳቦውን በብብቷ ይዛ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን እንደ ምክሩ ለብቻዋ እያወራች ስትነዳ ያያት ጎረቤት ባሏን ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ሰላም ነው?» ሲል ጠየቀው።

አማቷ ይህን ሲሰሙ ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«እኔ አብሬሽ እወጣለሁ።»

«እማዬ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እኮ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት በምን የሄድኩ መስሎሽ ነው? ግን አንድ ውል አለኝ። እኔ ፊት ነኝ። ማለፍ ክልክል ነው።»

ብስክሌታቸው ከመጋዘን ወጣች፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌላት፣ ፊት ለፊት ቅርጫት ያላት። ልጃቸው ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶ አዲስ ጎማና ሰንሰለት አስገባላት፤ ጭራሽ ለዳገት ብቻ ትሆናለች ብሎ ትንሽ የባትሪ ሞተር ገጠመላት። አማቲቱ ሞተሩን መጀመሪያ ናቁት፣ አንድ ዳገት ከሞከሩት በኋላ ግን ባትሪው መሙላቱን በቀን ሦስቴ ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አራት ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች በሐይቁ ዳር መንገድ ይወጣሉ። ፊት አማት፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፤ ኋላ ምራት፣ በጠባቡ የብስክሌት ልብሷ፣ ሔልሜቷን አጥብቃ። መጀመሪያ ሰሞን እግሯ ይቁነጠነጥ ነበር። ፊቷ ያለውን የአማቷን የኋላ መብራት ስታይ ለማለፍ ያምራታል፤ ውል ውል ነውና ትተወዋለች። ከሳምንት በኋላ ግን ማለፉን ረሳችው። ወሬው ያዛት።

አማቷ ወሬ ያውቁበታል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ደውሎ ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚጠይቃቸው ሰዓት ሠሪ ነበር። ለሚስቱ ሊደውል ፈልጎ፣ አፍሮ፣ ሁልጊዜ የቀበሌውን እሳት አደጋ አገናኙኝ የሚል ሙሽራ ነበር። ደግሞ ታሪኩን የምራታቸውን ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ነው የሚያቆሙት። ሰዓት ሠሪው አንድ ማክሰኞ ሳይደውል ቀረ ይሉና፣ ልክ ያኔ የቤቱ በር ላይ ይደርሳሉ፤ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ይገባሉ።

«እና? ለምን ቀረ?»

«አሁንማ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

መነጽር ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ሌንስ እየሞረደች ስለ ሰዓት ሠሪው ታስባለች። በማግስቱ ማንቂያው ሳይጮህ ተነስታ ጫማዋን ታስራለች። ዝናብ አጥብቆ የጣለ ጠዋት እንኳ አማቷ «ዛሬ እንቅር» ሲሉ «ሰዓት ሠሪውን እዚያ ትተነው?» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ኪሎ ሜትሩ ሳይታወቃት ተጠራቀመ። ሃያ አምስቱ ሠላሳ ሆነ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አርባ ይገባል። እራት ላይ መተኛቷ ቀረ። የጂኦግራፊ መምህሩም አዲስ መነጽር ሊያሠራ ተመልሶ መጣ፣ ለሚስቱ።

ባሏም የድርሻውን ያዋጣል። የመጀመሪያው የጠዋት ምልልሱ በሐይቁ ዳር ነው። ሲያገኛቸው ፍጥነቱን ይቀንስና መስኮቱን ከፍቶ «ደህና አደራችሁ እናትና ልጅ» ይላል። ተሳፋሪው ለመደባቸው። አንዳንዱ እጁን ያወዛውዛል። አንዲት ነርስ ግን አውቶቡሱ በቀይ መብራት ሲቆም ራሷን በመስኮት አውጥታ «እማማ፣ ሙሽራው በመጨረሻ ደወለ?» ብላ ጠየቀች። ለካ ሾፌሩ ማታ የሰማውን ጠዋት ለተሳፋሪው ያወራል።

አምስተኛው ወር ላይ ነው፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ታሪክ የመጣው። ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው፣ ዘጠኝ ዓመት የተኳረፉ ወንድማማቾች ነበሩ። ሲነጋገሩ በስልክ ነው፤ ያውም በኦፕሬተር።

«መስመሩን አገናኛቸዋለሁ» አሉ አማቲቱ፣ መንገዱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ። «አንዱ ሌላውን ይሰማዋል። ታላቅየው ግን ‹ለዚያ ሰውዬ ወንበሬን ይመልስ በይልኝ› ይላል። እኔ ‹ወንበሬን መልስ ይላል› እላለሁ። ታናሽየው ደግሞ ‹ወንበሩ የኔ ነው በይው› ይላል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርስዎ መሀል ገብተው?»

«ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን ታመምኩና ቀረሁ። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ነገሩን አታውቅም። ታላቅየው ደውሎ ‹ለዚያ ሰውዬ ዝናብ መጥቷል፣ ደጅ ያሰጣውን ጨርቅ ያስገባ በይልኝ› ሲላት፣ ‹መስመር ላይ ናቸው፣ ራስዎ ይንገሯቸው› ብላው አረፈች።»

«እሺ፣ እና ነገረው?»

«ምን ይነግረዋል። ሁለቱም ስልኩን ይዘው ዝም። ልጅቷም ጆሮዋን ቀስራ ዝም። ዝናቡ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ታናሽየው ‹የትኛውን ጨርቅ?› አለ። በቃ። ዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ እዚያ ላይ አለቀ።»

መነጽር ሠሪዋ በሳቅ ፈነዳች። «የትኛውን ጨርቅ» እያለች፣ እንደገና እየሳቀች፣ ቀና ስትል ውሃ ማማው ፊቷ ተገትሯል። ዳገቱ አናት ላይ ነበረች። ያ ምላሷን ያወጣት የነበረ ዳገት መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ አለቀ አላወቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ እንደ ማንኛውም ጠዋት ይመታል። ከብስክሌቷ ወርዳ ሣሩ ላይ ተጋደመችና እንደ ሰከረ ሰው ሰማዩን እያየች ሳቀች። አማቷ ሞተራቸውን አጥፍተው ከላይ ሆነው ተመለከቷት።

«ይህን ያህል ያስቃል እንዴ?»

«እማዬ፣ ዳገቱን ወጣሁት እኮ።»

«እና ዳገቱን ለመውጣት አይደል የመጣነው» አሉ፣ እየሳቁ።

ሆኖም ውድድሩ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሰይጣን ሹክ አላት። እንዲህ እየሳቁ መሰልጠን አለ እንዴ? የከተማው ብስክሌተኛ ወንዶች ሐሙስ ማታ ማታ ተሰብስበው ይነዳሉ፤ ለባሏም ለአማቷም ሳትናገር ተቀላቀለቻቸው። የዚያ ሳምንት የመክነፊያ ቀኗን ቀድማ ጨርሳለች፣ ይህ ትርፍ ነው። አብራቸው በረረች፣ ሁለቱን እንዲያውም ቀደመች። ጠዋት ግን እግሯ እንጨት ሆኖ አደረ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና አማቷን ተከትላ ወጣች። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ አማቲቱ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ትናንት ማታ ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ማለት?»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ትንፋሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሮጠውንም፣ ያለቀሰውንም፣ የዋሸውንም አውቀዋለሁ። ያንቺ የዛሬው የሮጠና የዋሸ ሰው ትንፋሽ ነው።»

መነጽር ሠሪዋ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ከብስክሌተኞቹ ጋር ነበርኩ።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት ወንድ» አሉ አማቲቱ። «ልጄ ይህን በምን አንጀቱ ይችለዋል።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ መንገዱን ሊስቱ ደረሱ። ሁለት ቀን ሙሉ ከወትሮው ይበልጥ ቀስ አስባሏት፣ በሦስተኛው ቀን እግሯ ተመለሰላት። ወደ ሐሙሱ ቡድን አልሄደችም።

የውድድሩ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ከውሃው ባለፈው ዓመት በወጣችበት ሰዓት ወጣች። ብስክሌቷ ላይ ስትሆን ግን የዘንድሮዋ ሴት ሌላ ናት። ከልምምዷ ፈጠን ብላለች፣ ሆኖም ለራሷ ድምፅ አውጥታ ታወራለች፤ ዓረፍተ ነገሮቿ አጥረዋል፣ ማሰሪያ አንቀጻቸው ግን አልጎደለም። ጎረምሶች አለፏት። አለፉ፣ አለፉ፣ እሷ አልተከተለችም። አንደኛው ጎን ለጎን ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከአማቴ ጋር።»

ልጁ ዙሪያውን ቃኘ። «የት አሉ?»

«መጨረሻው ጋ ቆመዋል። አንተ ቀድመህ ትደርሳለህ፣ ሰላም በልልኝ።»

ብስክሌቷን መስቀያው ላይ ሰቅላ ስትሮጥ የመጀመሪያዎቹን መቶ እርምጃዎች በስጋት ረገጠቻቸው። ምሰሶዎቹ ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። አልመጡም። እግሮቿ የራሷ ነበሩ፣ ሁለቱም፣ ከነጉልበታቸው። ደስታው ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ። እየሳቀች የምትሮጥ ሴት ስትመጣ ፊት ያሉት እየዞሩ አዩ። አንዱን አለፈች። ሁለት አለፈች። ያን በብስክሌት ያናገራትን ልጅ ጎኑን ይዞ ሲራመድ አገኘችውና «ተወው፣ እኔው እላቸዋለሁ» ብላው አለፈች። ጎማ ጠጋኙ ሲያያት ከልማዱ ወንበር ሊያወጣ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወንበሩን ይዞ ሲወጣ እሷ ከመታጠፊያው ማዶ ነበረች። ቢቸግረው ራሱ ተቀመጠበት።

መንገዱ ስለተዘጋ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ገበያው ፊት ለፊት ቆሟል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ በሮቹን ከፍቷል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ገመዱ ዳር ተደርድሯል። ነርሷ ከፊት ናት። መነጽር ሠሪዋ ስትደርስ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «የትኛውን ጨርቅ?» አላት። ሳቋ እግሯን ሊያስራት ጥቂት ቀረው፤ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ፣ በሌላው ለባሏ እያወዛወዘች አለፈች። ሾፌሩ የአውቶቡሱን ክላክስ ረጅም ነፋ። ይህ ለሥራው ደንብ የሚስማማ አልነበረም፣ ግን የከሰሰው ሰው የለም።

ከመቶ ሁለት ሰው ስልሳ አራተኛ ወጣች። ፊሽካ መጨረሻው ላይ ውሃ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት እሷ ውሃውን ተቀብላ ወሬዋን ቀጠለች፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ጎማ ጠጋኙ፣ ስለ እግሯ። ፊሽካ እስክትጨርስ ቆሞ አዳመጠና ወደ አማቲቱ ዞረ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለች ሴት አሰልጥኜ አላውቅም።»

«አንተ መቼ አሰለጠንካት?» አሉ አማቲቱ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። የሚሰለጥኑለት ነገር አልነበረም፤ ቢሆንም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ብስክሌታቸው አጠገብ ተገናኙ። የሐይቁን ዳር ይዘው ጥቂት እንደ ሄዱ መነጽር ሠሪዋ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያልጠየቀችውን ጠየቀች።

«እማዬ፣ የሰውን ሁሉ ነገሩኝ። ከአባባ ጋር የተዋወቃችሁትስ እንዴት ነው?»

አማቲቱ መንዳታቸውን ቀጠሉ። የሁልጊዜው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ አልታጠፉም።

«እሱ ረጅም ነው» አሉ። «ለእሱ ሐይቁን በሙሉ መዞር ያስፈልጋል። አለቃሽ ጋ ደውዪና ዛሬ ዘግይቼ እገባለሁ በይ። ደግሞ ነይ፣ ከጎኔ ሁኚ፤ ይህን ወደ ኋላ እየጮኽኩ አላወራውም።»

ሐይቁ ዙሪያው ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ሲመለሱ ምሳ ሰዓት አልፏል፤ የአንደኛዋ ጎማ ተንፍሶ ነበር፣ የሌላዋ ባትሪ አልቆ ነበር፣ የሁለቱም ዓይን ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ምን ነገረችሽ?» አለ ሚስቱን፣ ጠጋ ብሎ።

«መስመሩ ተይዟል» አለችው፣ እና ጎማውን ልትፈታ መፍቻ ፍለጋ ገባች።